የጡንቻ የካልሲየም ፓምፕ፦ በቤተ ሙከራ የሚሸጠው ፕሮቲን ለልብ ታማሚው ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ልብ ድካም በስልካቸው መረጃ የሚፈልጉ ቤተሰቦች አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቁት ነገር ያጋጥማቸዋል። «ሪኮምቢናንት የሰው ጡንቻ የካልሲየም ፓምፕ ፕሮቲን» የሚል ስም ያለው፣ በማይክሮግራም እየተመዘነ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ዋጋው በውጭ ገንዘብ ተጽፏል። ስለ አወሳሰዱ ግን ምንም አልተጻፈም።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ የልብ ሕመምተኛ በቤቱ ያለው ሰው ይህን አይቶ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ሐኪሙ «የልብ ጡንቻው ደክሟል» ብሎ ነግሮታል። እናት ወይም ወንድም ሁለት ሦስት ትራስ ካልተደራረበላቸው መተኛት አይችሉም፤ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። በዚህ መሐል «የሰው ጡንቻ ፓምፕ» የሚባል ነገር እንደሚሸጥ ሲያይ፣ «ታዲያ ይህን ከውጭ ብናስመጣላቸውስ?» ብሎ መጠየቁ ተፈጥሯዊ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ባጭሩ፦

• ፓምፑ እውነተኛ ነው፤ ያለ እሱ ልብም ሆነ ሌላ ጡንቻ አይሠራም።
• በብልቃጥ የሚሸጠው ፕሮቲን ግን የምርምር ዕቃ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በመርፌ ቢሰጥም ሆነ ቢዋጥ ልብን አያበረታም፤ ሊጎዳ ግን ይችላል።
• ፓምፑን በታማሚዎች ልብ ውስጥ ለማጠናከር የተደረገው ትልቁ ሙከራ አልተሳካም፤ ምርምሩ ግን አልቆመም።
• ዛሬ በጅማና በዙሪያዋ የልብ ታማሚን ዕድሜ የሚያራዝሙት የታወቁና በአገር ውስጥ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። እነሱን ሳያቋርጡ መውሰድ ከየትኛውም ብልቃጥ ይበልጣል።

ፓምፑ ምን ይሠራል?

ጡንቻ እንዲኮማተር ካልሲየም ያስፈልገዋል። ካልሲየሙ በእያንዳንዱ የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ባለ መጋዘን ተከማችቶ ይቆያል። ትእዛዝ ሲመጣ የመጋዘኑ በር ይከፈትና ካልሲየሙ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ጡንቻው እንዲላላ ደግሞ ያ ካልሲየም ተሰብስቦ ወደ መጋዘኑ መመለስ አለበት። ሰብስቦ የሚመልሰው ፓምፑ ነው። ሳይንቲስቶች «ሰርካ» ይሉታል።

ቡና የሚያደርቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቡናው ጠዋት አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ዝናብ ሲያንዣብብ ወይም ሲመሽ ተሰብስቦ መግባት አለበት። የሚሰበስበው ሰው ካነሰ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። ውጭ የቀረው ቡና ይበላሻል፤ በማግስቱ የሚሰጣውም ያንሳል። በደከመ ልብ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ፓምፑ ሲዳከም ካልሲየሙ ከመጋዘን ውጭ ስለሚቆይ ልብ በደንብ አይላላም፤ በደንብ ካልላላ ደግሞ በደም አይሞላም። መጋዘኑም ስለሚጎድል የሚቀጥለው ምት ጉልበት ያጣል።

የልባችን ምት በቀን ወደ 100,000 ይጠጋል። ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት ይሠራል። ጡንቻው ሲያርፍ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው የካልሲየም ክምችት ከውጭው ወደ 10,000 እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ፓምፑ ሥራውን የሚሠራው እንደ ዳገት ሽቅብ እየገፋ ነው። ለዚህም የሕዋሱን ነዳጅ ኤቲፒን ያቃጥላል፤ በአንድ ኤቲፒ ሁለት ካልሲየም ያስገባል።

የፓምፑ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። አንደኛው በተለይ በፍጥነት በሚኮማተሩት የእጅና የእግር ጡንቻዎች፣ ሌላው ደግሞ በልብ ጡንቻ ይገኛል። ስለዚህ «የጡንቻ ፓምፕ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የልብ ፓምፕ አይደለም።

በብልቃጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ፓምፑ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲታወቅም ሆነ ለብዙ ዓመታት ሲጠና የኖረው በዋናነት ከጥንቸል ጡንቻ ነው። በ1970 ካናዳዊው ዴቪድ ማክሌናን ፓምፑን ከጥንቸል ጡንቻ አንጥረው አወጡት። በ2000 ደግሞ በጃፓን ቺካሺ ቶዮሺማና ባልደረቦቻቸው የዚሁኑ የጥንቸል ፓምፕ ቅርጽ በዝርዝር አሳዩ።

የሰውን ፓምፕ ለማጥናት ግን ከሰው ላይ ጡንቻ ቆርጦ መውሰድ ሁልጊዜ አይቻልም። «ሪኮምቢናንት» የተባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ፓምፑን የሚሠራው የሰው ዘረመል ወደ ባክቴሪያ፣ ወደ ነፍሳት ሕዋስ ወይም በቤተ ሙከራ ወደሚያድግ የሰው ሕዋስ ይገባል። ያ ሕዋስ እንደ ፋብሪካ ሆኖ ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ፕሮቲኑም ተጣርቶ በብልቃጥ ይቀመጣል።

ተመራማሪዎች ይህን ለምን ይገዙታል? ጡንቻ ውስጥ ምን ያህል ፓምፕ እንዳለ የሚለኩበትን ዘዴ ለማረጋገጥ፣ ፀረ እንግዳ አካል ፓምፑን በትክክል መለየቱን ለመፈተሽ፣ አንዳንዴም አዲስ መድኃኒት ፓምፑን ይነካው እንደሆነ ለማየት ነው። ለገበያ ከሚቀርበው ውስጥ ብዙው ሙሉ ፓምፕ እንኳ አይደለም፤ የፓምፑ ቁራጭ ነው። ቁራጭ ለመለኪያነት ይበቃል፤ ካልሲየም ግን አይገፋም። መለያ ወረቀቱ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ቃል የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው በሰው አካል ላይ እንዲውል አልተመረተም፣ ለዚያም አልተፈተሸም ማለት ነው።

«ኢንሱሊንም እንዲሁ ይሠራ የለ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የስኳር ሕመምተኞች በየቀኑ የሚወጉት የሰው ኢንሱሊን ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ነው፤ በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀደውም በ1982 ነው። ሕፃናት የሚከተቡት የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም በዚሁ ዘዴ ይመረታል። ታዲያ የካልሲየም ፓምፕ ለምን መድኃኒት አይሆንም?

ልዩነቱ ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ነው። ኢንሱሊን በደም ተጉዞ የሕዋሱን በር ከውጭ ያንኳኳል፤ ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። የካልሲየም ፓምፕ ግን በሕዋሱ ውስጥ ባለው መጋዘን ግድግዳ ላይ ተተክሎ የሚሠራ ማሽን ነው። በደም ሥር ቢሰጥ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ አይገባም፤ ቢገባ እንኳ በግድግዳው ላይ በትክክል የሚተከልበት መንገድ የለም። ቢዋጥ ደግሞ ሆድ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል።

ጉዳቱስ? ለምርምር የሚመረት ፕሮቲን ለመርፌ መድኃኒት በሚጠየቀው የንጽሕና ደረጃ አይመረትም። በባክቴሪያ የተመረተ ከሆነ የባክቴሪያ መርዝ ቅሪት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ወደ ደም ሲገባ ኃይለኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውደቅ ያስከትላል። ሰውነትም ባዕድ ነገር ነው ብሎ በአለርጂ ሊነሣበት ይችላል። ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ተስፋው የት ደረሰ?

ሳይንቲስቶች «ፕሮቲኑን ማስገባት ካልተቻለ መመሪያውን እናስገባ» ብለው አሰቡ። በደከመ ልብ ውስጥ ፓምፑ እንደሚቀንስ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ፓምፑን የሚሠራውን ዘረመል ጉዳት በማያደርስ ቫይረስ ላይ ጭነው በልብ የደም ሥር በኩል አንድ ጊዜ ለመስጠት ሞከሩ። ጥናቱ «ኩፒድ» ይባላል።

በመጀመሪያው ዙር 39 ታማሚዎች ተሳተፉ። በ2011 የታተመው ውጤት ተስፋ ሰጪ ስለነበር የብዙዎችን ጆሮ ሳበ። ቀጥሎ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል 250 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሁለተኛ ጥናት ተደረገ። ግማሾቹ ሕክምናውን፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ተሰጣቸው። በ2015 ውጤቱ ሲገለጽ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ሕክምናውን ያገኙትም እንደ ሌሎቹ ሆስፒታል ይተኙ ነበር። ጉዳት አላደረሰም፤ ግን አልጠቀመም። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ዋነኛው ዘረመሉ የደረሰው ወደ ጥቂት የልብ ሕዋሳት ብቻ ነው የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘረመሉን ከፍ ባለ መጠን የሚሰጡ አዳዲስ ሙከራዎች በአሜሪካ ተጀምረዋል። ፓምፑን የሚያነቃቃ ኢስታሮክሲም የተባለ የደም ሥር መድኃኒትም በጥናት ላይ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ግን የልብን የካልሲየም ፓምፕ ለመተካት ወይም ለመጨመር ለታማሚዎች እንዲሸጥ የተፈቀደ የዘረመል ሕክምና የለም።

ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ የሚሆን ትምህርት አለ። በ39 ሰዎች ላይ ተስፋ የሰጠ ነገር በ250 ሰዎች ላይ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ጥናት አረጋግጧል» የሚል ዜና ሲሰሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰዎች እንደተጠኑና ከማን ጋር እንደተነጻጸሩ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በአገራችን ብዙ የልብ ታማሚዎች የሚያውቁት ዲጎክሲን የሚሠራው በዚሁ በካልሲየም በኩል ነው። የካልሲየም ፓምፑን እህት፣ ማለትም የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕን ይይዛል፤ በዚህም በልብ ሕዋስ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምርና ምቱ ይጠነክራል። ነገር ግን በ1997 ውጤቱ በታተመ 6,800 ታማሚዎች በተካፈሉበት ጥናት ዲጎክሲን ሆስፒታል መተኛትን ቀነሰ እንጂ ዕድሜ አላራዘመም። ልብን ማበርታትና ዕድሜን ማራዘም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በእኛ አካባቢ የልብ ሕመም ሌላ መነሻም አለው

በኩፒድ ጥናት የተሳተፉት የልብ ጡንቻቸው የደከመ ሰዎች ነበሩ። በጅማም እንዲህ ያሉ ታማሚዎች አሉ፦ የደም ግፊት ለዓመታት ያደከማቸው፣ የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ፣ ወይም በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ልባቸው የደከመ እናቶች። በአገራችን በብዙ ወጣቶች ላይ የሚታየው ግን የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን የሚያበላሸውም የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን ነው። የተበላሸ በርን የካልሲየም ፓምፕ አይጠግነውም። ስለዚህ ያ የውጭ አገር ሙከራ ቢሳካ ኖሮ እንኳ ለእነዚህ ወጣቶች ዋናው መልስ አይሆንም ነበር።

የችግሩን ስፋት የሚያሳይ ቁጥር አለ። በ2017 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 25 የሆኑ 987 ሰዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲመረመሩ 37ቱ የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ከ1,000 ሰው ወደ 37 ገደማ ማለት ነው።

የሚያጽናናው ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ፣ ሕመሙ ገና በምልክት ያልታየባቸው 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ተጠኑ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ፤ ግማሾቹ አልተወጉም። በ2021 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ካልተወጉት መካከል በ8.2 በመቶው ላይ ሕመሙ ሲብስ፣ ከተወጉት መካከል ግን የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ናቸው።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን እንያቸው። በአንደኛው እጅግ የረቀቀ ዘረመል በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች ተሰጠ፤ ለውጥ አላመጣም። በሌላኛው አሥርት ዓመታትን ያስቆጠረ ፔኒሲሊን በአፍሪካ ከተማ ተሰጠ፤ ልጆችን ከልብ ጉዳት ጠበቀ። ይህ ምርምርን ለመናቅ አይደለም፤ ፔኒሲሊንም በጊዜው የቤተ ሙከራ ውጤት ነበር። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ቡናውን ሸጦ ያገኘው ገንዘብ ከማለቁ በፊት የትኛው ላይ መዋል እንዳለበት ግልጽ ያደርጋል።

ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

• የየወሩ ወይም የየሦስት ሳምንቱ መርፌ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ወይም ወጣት የታዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ ሊያሳልፍ አይገባም። በቡና ለቀማ ወቅት ሥራ ቢበዛም ቀኑ ይከበር። ልባቸው በጣም የደከመ ታማሚዎች መርፌውን ከመወጋታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ለአንዳንዶቹ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊመረጥላቸው ይችላል።
• የልብ ድካም መድኃኒቶች። ኢናላፕሪልን የመሰሉ፣ ሜቶፕሮሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ጡንቻቸው ለደከመ ሰዎች ዕድሜ እንደሚያራዝሙ ወይም የሆስፒታል ምልልስን እንደሚቀንሱ በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ታይቷል። ላሲክስ እብጠቱን ይቀንሳል። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ለቫልቭ ሕመም የሚሰጠውና ለጡንቻ ድካም የሚሰጠው አንድ ላይሆን ይችላል።
• እርግዝና። ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ለማርገዝ የምታስብ ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ታማሚ ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር፤ በራሷ ግን መድኃኒቶቿን ሁሉ አታቋርጥ።
• የጉሮሮ ሕመም። የልጅ ጉሮሮ ሲያም «ቶንሲል ነው፤ ያልፋል» ብሎ ከመተው ወይም ከማስቆረጥ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።
• የልብ ቀዶ ሕክምና። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ተራ የሚጠብቁት ብዙ ስለሆኑ ልጅዎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ከተባለ ማስመዝገቡን አያዘግዩ።

ቡናስ? ካፌይንና ካልሲየም

በቡና አገር ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ ነው፤ ከፓምፑ ጋርም ዝምድና አለው። ካፌይን የጡንቻን የካልሲየም መጋዘን በር የመክፈት ኃይል አለው። ተመራማሪዎች ከጡንቻ ቁራጭ ላይ ካፌይን ጨምረው ካልሲየሙ ሲፈስ፣ ፓምፑም መልሶ ሲሰበስበው ይለካሉ። አቦል ላይ የምንጠጣው ነገር የጡንቻ ምርምር የቆየ መሣሪያ ነው።

ይህ ማለት ግን አንድ ስኒ ቡና የልብዎን መጋዘን ይከፍታል ማለት አይደለም። በቤተ ሙከራ የሚጨመረው ካፌይን ቡና ጠጪ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ወደ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ያን ያህል ካፌይን በደሙ ውስጥ ቢገኝ ሰው በሕይወት አይቆይም። ቡና የሚያነቃን በሌላ መንገድ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘንን የአንጎል ምልክት በማገድ ነው።

መጠነኛ ቡና ለአብዛኞቹ የልብ ታማሚዎች የተከለከለ አይደለም። ከጠጡ በኋላ ልብዎ በጣም የሚመታ፣ ምቱ የሚዛባ ወይም እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ግን ይቀንሱና ለሐኪምዎ ይንገሩ። ለልብ ድካም ታማሚ ከካፌይኑ ይልቅ የሚያሳስበው ጨው ነው። በአካባቢያችን በአንዳንድ ቤቶች ቡና በጨው ይጠጣል፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲደመር ቀላል አይሆንም። ጨው ውኃ ይይዛል፤ እብጠትንና የትንፋሽ ማጠርን ያባብሳል። ቡናው ይቅረብ፤ ጨው ግን ለታማሚው አይጨመርበት።

ለቀዶ ሕክምና ከመግባትዎ በፊት

የካልሲየም መጋዘን ነገር ከሁሉ በላይ በአስቸኳይ ሕይወትን የሚነካበት ቦታ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። አንዳንድ ሰዎች በዘር የሚተላለፍ ጉድለት አለባቸው። በአዘቦት ቀን ምንም አይታይባቸውም። ነገር ግን እንደ ሃሎቴን ያለ የሚተነፈስ ሰመመን ወይም ሱክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጣቸው የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ይቀራል። ፓምፑ የቻለውን ያህል ቢሰበስብም አይደርስበትም። ጡንቻው ይደርቃል፣ ሰውነት እንደ እሳት ይግላል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ይህ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል። በ1960 በአውስትራሊያ የተገለጸው አንድ ወጣት ዘመዶቹ በሰመመን ምክንያት እንደሞቱበት ስለተናገረ ነው። በበለጸጉ አገሮች ጉድለቱን ለማወቅ ትንሽ የጡንቻ ቁራጭ ተወስዶ በካፌይንና በሃሎቴን ይፈተሻል።

ችግሩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚገጥም ስለሆነ ቀዶ ሕክምና አያስፈራዎ። አንድ ነገር ግን ያድርጉ፦ ከእናት፣ ከአባት፣ ከእኅት፣ ከወንድም ወይም ከአጎትና ከአክስት ወገን በቀዶ ሕክምና ጊዜ ድንገት ሰውነቱ የጋለ፣ የደረቀ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ ካለ ለሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ባለሙያው ሌላ ዓይነት ሰመመን ሊመርጥ ይችላል። ይህ መረጃ ገንዘብ አያስወጣም፤ የቤተሰብ ታሪክ ብቻ ነው።

የእጅና የእግር ጡንቻ ፓምፕ በዘር ጉድለት የሚደክምበት ብሮዲ የተባለ ሕመምም አለ። በ1969 የተገለጸ ሲሆን እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይይዛል። ሰውየው ሲሮጥ ወይም ሲሠራ ጡንቻው ይደርቅበታል፤ ሲያርፍ ይላላል። የብዙ ሰው የጡንቻ ሕመም ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

«ካልሲየም ኪኒን ልብን ያበረታ ይሆን?»

አያበረታም። በደከመ ልብ ውስጥ የጎደለው ካልሲየም ሳይሆን የሚሰበስበው ፓምፕ ነው። አልጋው ላይ ሰብሳቢ ሳይጨምሩ ቡና ብቻ ቢጨምሩ ምን ይጠቅማል? ካልሲየም ለአጥንት፣ ለነፍሰ ጡር ወይም በደም ውስጥ ማነሱ ለተረጋገጠ ሰው በሐኪም ይታዘዛል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ካልሲየም ቢጨምር ደግሞ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል።

«አዲስ ሕክምና አለ» ሲባሉ

ከውጭ ያለ ዘመድ፣ ነጋዴ ወይም ማስታወቂያ ስለ አዲስ ሕክምና ቢነግርዎ እነዚህን ይጠይቁ፦

• መለያው ላይ «ለምርምር ብቻ» ይላል? የሚል ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።
• የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦታል? በነፃ የስልክ መስመሩ 8482 መጠየቅ ይቻላል።
• ጥናት ነው ከተባለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው? በእውነተኛ ጥናት ተሳታፊው ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ በፈለገ ጊዜም መውጣት ይችላል። ታማሚው ላልተረጋገጠ መድኃኒት ብዙ ገንዘብ እንዲከፍል ከተጠየቀ ይጠርጠሩ።
• የቆየውን መድኃኒት አቁም ይላል? ይህ ትልቁ የአደጋ ምልክት ነው። የልብ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሊጥል ይችላል።

በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ ሌሊት አፍኖ መቀስቀስ
• በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት መጨመር፣ የእግር ወይም የሆድ እብጠት መባስ
• የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ በጣም የፈጠነ ወይም የተዛባ ምት
• ዲጎክሲን ለሚወስዱ፦ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ነገሮች ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስለው መታየት፣ የምት መቀዝቀዝ
• ከከባድ ሥራ በኋላ የጡንቻ ሕመም ኖሮ ሽንት እንደ ቡና ሲጠቁር

በመጨረሻም

የካልሲየም ፓምፑን ያጠኑ ሰዎች ድካም ከንቱ አልቀረም። ልብ ለምን እንደሚደክም ዛሬ የምናውቀው በእነሱ ነው፤ ነገ መድኃኒት የሚወጣውም ከእንዲህ ያሉ ብልቃጦች ጥናት ሊሆን ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ ጭምር ተጠንቶ፣ ተመዝግቦ፣ በሐኪም እጅ ይደርሰናል። እስከዚያው ድረስ ለእናትዎ ወይም ለልጅዎ ልብ የሚሆነው ነገር የክትትል ካርዱ ላይ ተጽፏል፦ የቀጠሮው ቀን፣ መርፌው፣ ኪኒኑ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ከጠፋ ወይም ዋጋው ከከበደዎ ዝም ብለው አያቋርጡ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩና ምትክ ይፈለግልዎ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪም ምርመራንና ምክርን አይተካም። ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመርዎ፣ ከመቀየርዎ ወይም ከማቆምዎ በፊት የሚከታተልዎትን የጤና ባለሙያ ያማክሩ።